ኩሽኔታው ደህና ነው

ማሽን ሲጮህ የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» ነው። መኪናው ከተንጫረረ ጋራዥ ይገባል። ፍሪጁ ካጉረመረመ ጎኑን እንመታዋለን። የሚጮህ ዕቃ ታሟል፣ ዝም ያለ ዕቃ ደግሞ ጤነኛ ነው ብለን ነው የምናስበው። አብዛኛውን ጊዜም አንሳሳትም። የላላ ብሎን ይንኳኳል፤ ያለቀ ኩሽኔታ፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት፣ ያፏጫል።

ችግሩ የሚመጣው ምንም ሳይላላ፣ ምንም ሳያልቅ የሚጮህ ነገር ሲያጋጥም ነው። ሥራዬ ቬንቲሌሽን ነው፤ አየርን በቱቦ ከቦታ ወደ ቦታ መውሰድ። በዚህ ሥራ ላይ እንደ ሽብሽብ ቱቦ ሰው የሚያሳስት ዕቃ አላየሁም። ሽብሽብ ቱቦ ታውቁታላችሁ። የቫኪዩም ክሊነር ቱቦ ነው። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ ውሃ የሚያስወጣው ነው። ኤሌክትሪሻኖች ግድግዳ ውስጥ ቀብረው ሽቦ የሚያሳልፉበትም እሱ ነው። እጥፍጥፍ ያለ፣ ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚታጠፍ። ማንም አይጠረጥረውም። ሞተር የለው፣ የሚሽከረከር ነገር የለው፣ ምኑ ይጠረጠራል?

አንድ የማውቃቸው ፈርኒቸር ሠሪ አሉ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ወርክሾፓቸው መኖሪያ ቤቶች መሀል ስለሆነ ከጎረቤት ላለመጋጨት ብዙ ይጠነቀቃሉ። ሰጋቱራ የሚስብ ማሽን የገዙትም ለዚሁ ነው፤ ብናኙ የሰው ልብስ ላይ እንዳያርፍ። ማሽኑ ለዓመታት በሰላም ሠራ። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። ዝም ብሎ ጫጫታ አይደለም። ጥርት ያለ፣ አንድ ወጥ ፉጨት ነው፤ ጥርስ የሚያስነክስ። ማሽኑ ከተነሳ ግቢው ውስጥ ቆሞ ማውራት አይቻልም። ለብናኝ የተገዛው ማሽን ሌላ ክስ ይዞ መጣ ማለት ነው።

መካኒክ ተጠራ። ጆሮውን ወደ ሞተሩ ደገነና «ኩሽኔታው አልቋል» አለ። ኩሽኔታው ተቀየረ፣ ሂሳብ ተከፈለ፣ ማሽኑ ተነሳ። ፉጨቱ ንቅንቅ አላለም። «ኦሪጂናል ስላልሆነ ነው» አለ መካኒኩ፣ ሌላ ኩሽኔታ ሊያመጣ።

ጋሼ ለእኔ የነገሩኝ እዚህ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። «አንተ፣ ሥራህ አየር አይደል እንዴ? እስቲ ይሄን ጉድ እየው።»

«ጋሼ፣ መጮህ ከመጀመሩ በፊት የቀየሩት ነገር ነበር?»

«ምንም። ቱቦውን ብቻ ነው። የድሮው ተቀዶብኝ አዲስ አስገጠምኩ። እሱ ግን አዲስ ነው።»

አዲስ ነው ማለት አይጠረጠርም ማለት ነው።

ማሽኑን አስነሱልኝ። እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ እንደማንኛውም ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ነገር የለውም። ቀጥሎ ቱቦውን ያዝኩት። መዳፌን ነዘረኝ። በጣም ደቃቅ፣ በጣም ፈጣን ንዝረት ነው። አጥብቄ ጨበጥኩት፤ ድምፁ አልተለወጠም። ጋሼ ዘንድ ሙያ የሚማረው ልጅ መጥቶ በሁለት እጁ ሌላ ቦታ ላይ ጨበጠው፤ አሁንም ያው ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ታወቀ። የሚጮኸው የቱቦው ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ሲጨበጥ ይታፈን ነበር። የሚጮኸው ውስጡ ያለው አየር ነው፤ ፕላስቲኩ የሚንቀጠቀጠው አየሩ ስለሚያንቀጠቅጠው ነው።

ከዚያ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ አነሳሁና የቱቦውን አፍ ከጎን በኩል ቀስ በቀስ መክደን ጀመርኩ። አየሩ ሲቀንስ ድምፁም ቀስ እያለ ይወርዳል ብሎ ነው ሰው የሚጠብቀው። አልወረደም። ለትንሽ ጊዜ እዚያው ድምፅ ላይ ድርቅ አለ። ትንሽ ስገፋው ድንገት ዘሎ ዝቅ ያለ ሌላ ድምፅ ላይ አረፈ። እዚያም ቆየ። አሁንም ስገፋው እንደገና ዘለለ። ልጁ ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ ኩሽኔታው ስንት እንዳስወጣቸው እያሰቡ መሰለኝ። ኩሽኔታ ሲያልቅ እንደዚህ አያደርግም። በደረጃ የሚዘል ድምፅ የሚወጣው ከሙዚቃ መሣሪያ ነው።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። አየሩ ቱቦው ውስጥ ሲሮጥ በእያንዳንዱ እጥፋት አፍ ላይ ያልፋል። እጥፋቱ ትንሽ ጉድጓድ ነው። አየሩ ከጉድጓዱ የመጀመሪያ ከንፈር ሲላቀቅ ቀጥ ብሎ መሻገር አይሆንለትም፤ ይወዛወዛል፣ ይጠቀለላል፣ ትንንሽ አዙሪት ይሆንና ከወዲያኛው ከንፈር ጋር ይላተማል። የጠርሙስ አፍ ላይ ስንነፋ የሚወጣው ድምፅ መነሻው ይኸው ነው። ልዩነቱ አንድ እጥፋት ብቻውን ከቁም ነገር የሚቆጠር ድምፅ የለውም። ግን እጥፋቱ አንድ አይደለም። ከእጥፋት እጥፋት 1 ሳንቲሜትር ካለ፣ አንድ ሜትር ቱቦ ውስጥ 100 ትንንሽ አፎች አሉ።

እነዚህ ሁሉ በየፊናቸው ቢጮኹ ሽው የሚል የንፋስ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። የሚያስተባብራቸው የቱቦው ርዝመት ነው። ቱቦ ውስጥ ያለ አየር የራሱ የሆኑ ድምፆች አሉት። ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ውስጡ ልሙጥ የ2 ሜትር ቱቦ የመጀመሪያ ድምፁ በሰከንድ ወደ 86 ንዝረት ነው፤ ሌሎቹ የእሱ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያሉ ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለውን አይወድም። በሽብሽብ ቱቦ ሁሉም ትንሽ ዝቅ ይላሉ፤ እጥፋቶቹ ውስጥ የተኛው አየር ድምፁን ስለሚያዘገየው። የእጥፋቶቹ ምት ከእነዚህ ለአንዱ ሲቀርብ ቱቦው ያንን ድምፅ ያነሳዋል። የተነሳው ድምፅ ተመልሶ ሁሉንም እጥፋቶች ይነዳቸዋል፤ አዙሪቶቹ በየራሳቸው ጊዜ መውጣታቸውን ትተው በእሱ ምት መውጣት ይጀምራሉ። መቶው አፍ አንድ አፍ ይሆናል። ድምፁ እየዘለለ የሚሄደውም ለዚህ ነው፤ የቱቦው ርዝመት ከሚፈቅደው ውጭ ማረፊያ ቦታ የለውም።

የእጥፋቶቹን ምት መገመት ደግሞ ከባድ አይደለም። የአየሩን ፍጥነት በእጥፋቶቹ ርቀት ታካፍላላችሁ፤ ከዚያ ግማሹን ወይም ከግማሽ ትንሽ ያነሰውን ትወስዳላችሁ። አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ቢሮጥ፣ ርቀቱም 1 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ ከ800 እስከ 1,000 ንዝረት ይመጣል። የሰው ጆሮ በደንብ የሚሰማው፣ በቀላሉም የሚሰለቸው ድምፅ ነው። የሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ 20 ሜትር በሰከንድ የተለመደ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ሰጋቱራው ቱቦው ውስጥ ይተኛል። ጋሼ «እንግዲያው ሞተሩን ላድክመው?» ሲሉ አይሆንም ያልኳቸው ለዚህ ነው።

ይህን ዓይነቱን ስሌት መጀመሪያ ያመጣው ቱቦ ያጠና ሰው አልነበረም። ቼኔክ ስትሮሃል የሚባል የቼክ ሰው ነው። በ1878 በንፋስ ውስጥ የሚያፏጩ ሽቦዎችን አጠና። ሰው ሁሉ ሽቦው እንደ ክራር ክር ሲወጠር ድምፁ የሚቀጥን ይመስለው ነበር። ስትሮሃል ያገኘው የድምፁ ቅጥነት ከሽቦው ውጥረትም ከርዝመቱም ጋር እንደማይገናኝ ነው። ወሳኙ የንፋሱ ፍጥነትና የሽቦው ውፍረት ነው። ገጠር ያደገ ሰው የስልክ ሽቦ በንፋስ ሲያፏጭ ሰምቷል። ያም ሽቦ አልላላም፣ አልተበላሸም። አየሩ እያለፈ ነው፣ በቃ።

ሽብሽብ ቱቦን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ፍራንክ ክሮፎርድ የሚባል አሜሪካ ውስጥ ያለው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሊቅ በ1974 ያወጣውን ጽሑፍ ነው። የተነሳበት ነገር የልጆች መጫወቻ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ክንድ የሚያህል ሽብሽብ የፕላስቲክ ቱቦ ለልጆች ይሸጥ ነበር። አንዱን ጫፍ ይዞ ማሽከርከር ነው። የሚሽከረከረው ጫፍ አየሩን ወደ ውጭ ይወረውራል፣ በእጅ የተያዘው ጫፍ ከስር ይስባል፣ ቱቦው ይዘፍናል። ፍጥነት ሲጨመር ወደሚቀጥለው ድምፅ ይዘላል። የሚገርመው የመጀመሪያውን፣ ከሁሉም የወፈረውን ድምፅ ከዚህ መጫወቻ ማውጣት ከባድ ነው። እሱን ለማግኘት በጣም ቀስ ብሎ ማሽከርከር ያስፈልጋል፤ ቀስ ሲባል ደግሞ አየሩ ድምፅ የሚያነሳ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ዘፈኑ ከሁለተኛው ይጀምራል።

እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ እምቢልታ ነው። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። ዋሽንት ነፊ ጣቱን እያነሳና እየጣለ ዜማ ያወጣል፤ እምቢልታ ነፊ ግን ቱቦው ከሚሰጠው ድምፅ ውጭ ምርጫ የለውም። አንዱ ብቻውን ዜማ አይሞላለትም። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነው የሚነፉት፤ አንዱ ያንን ድምፅ፣ ሌላው ይህንን እየተቀባበሉ። የጋሼ ቱቦም እንደዚያው ቀዳዳ የሌለው መሣሪያ ነው። ነፊው ሞተሩ ነው፤ ተቀባይ ጓደኛ ስለሌለው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ድምፅ ላይ ይደርቃል። ጎረቤት ቢማረር አይፈረድበትም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ከፍታው ፉጨቱን ያቀጥነዋል ብሎ የጠየቀኝ ባልደረባ ነበር። አያቀጥነውም። አየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ነው እንጂ በአየሩ መሳሳት አይደለም። ሙቀቱ አንድ ከሆነ ያው ቱቦ ጅቡቲም አዲስ አበባም አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። አየሩ ስለሳሳ እዚህ ያለው ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እንኳን ጅቡቲ አልሆንኩ» አሉ።

ፈርኒቸር ቤት ውስጥ ነገሩ ከመሰልቸት አያልፍም። ሌላ ቦታ ግን አደጋ ነው። ከኖርዌይ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ ጋዝ የሚያወጡ ተንሳፋፊ መድረኮች አሉ። ጋዙ በባሕሩ ወለልና በመድረኩ መካከል የሚያልፈው በተለይ በተሠራ ተጣጣፊ ቱቦ ነው፤ መድረኩ ከማዕበሉ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ድርቅ ያለ ብረት ቱቦ አይችለውም፣ ይሰበራል። የዚህ ቱቦ የውስጠኛው ንጣፍ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ከተጠመጠመ የብረት ጥብጣብ ይሠራል። ጥብጣቡ ቱቦው በግፊት እንዳይጨፈለቅ ይይዘዋል፣ ግን እንዲታጠፍም ይለቀዋል። በጥብጣቡና በጥብጣቡ መካከል ደግሞ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይቀራል። ጋዙ በዚያ ላይ ይሮጣል። የጋሼ ቱቦ ማለት ነው፤ ግፊቱ ብቻ ከመቶ ባር በላይ፣ ማለትም ባሕር ዳርቻ ካለው የአየር ግፊት መቶ እጥፍ ገደማ በላይ፣ ሊደርስ ይችላል።

ዘፈነ። ድምፁ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ንዝረት ያለው ነው፤ መድረኩ ላይ ባሉ ሰዎች በግልጽ ይሰማል። የሚያሳስበው ግን ጆሮ አይደለም። ከትልቁ መስመር ላይ የሚወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፣ ለግፊት መለኪያ፣ ለማስተንፈሻ። ንዝረቱ እነሱ ጋ ሲደርስ ቀንና ሌሊት ያርገበግባቸዋል። ብረት በአንድ ጊዜ ምት አይሰበርም ይሆናል፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ለሳምንታት ከተርገበገበ ግን ብየዳው ጋ ይሰነጠቃል። ጋዝ ያለበት መድረክ ላይ ስንጥቅ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም። ስለዚህ ኦፕሬተሮቹ የጋዙን ፍሰት ድምፁ ከሚነሳበት በታች ለመገደብ ተገደዱ። በጣም ብዙ ገንዘብ ያለበት ኢንዱስትሪ አንድ ፉጨት ፈርቶ ቀስ አለ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ጥናቱ የበረታው፤ በተለይ ሆላንድ ውስጥ፣ በአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ባለሙያ ሁሉ የሚያምንበትን ይገለብጣል። ማንኛችንም ብንሆን አየር የሚነካው ጠርዝ ከተሞረደና ከተለሰለሰ ጸጥ ይላል ብለን እናስባለን። በእጥፋት ላይ ተቃራኒው ሆኖ ተገኘ። አየሩ መጀመሪያ የሚላቀቅበት ከንፈር ክብ ሆኖ ከተለሰለሰ ፉጨቱ ይብሳል፤ ሹል ከሆነ ይቀንሳል። ስለዚህ እጥፋቱ በአንድ በኩል ሹል፣ በሌላው ክብ ከሆነ፣ ቱቦውን ገልብጦ መግጠም ብቻውን ድምፁን ይለውጠዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ቱቦውን አስገለበጡት። ምንም አልተለወጠም። የእሳቸው ቱቦ እጥፋት በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነበር።

ሌላው ግኝት ፈሳሽን ይመለከታል። ደረቅ ጋዝ የሚሄድበት ቱቦ ይዘፍናል፤ ጋዙ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ካለ ግን ዘፈኑ ይደክማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። አንዱ ምክንያት ፈሳሹ ጎድጓዳዎቹ ውስጥ ገብቶ መቀመጡ ነው። ጎድጓዳው ከሞላ አዙሪት የሚፈጠርበት ቦታ የለም።

ይህ ነው የጋሼን እንቆቅልሽ የፈታልኝ። የድሮው ቱቦም ሽብሽብ ነበር። ለምን አልጮኸም? ከጓሮ ካለው ክምር መሀል አስፈልጌ አወጣሁትና በቢላዋ ሰነጠቅኩት። እጥፋቶቹ በሙሉ ሰጋቱራና ቫርኒሽ ተጣብቆባቸው እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ውስጡን በጣት ስትዳስሱት ልሙጥ ነው። ያረጀው ዝም ያለው በእርጅናው ነው፤ አዲሱ የሚጮኸው ንጹሕ ስለሆነ ነው።

ለመፍትሔው ብዙ አልተጨነቅንም። የቱቦውን አብዛኛውን ርዝመት በልሙጥ ፒቪሲ ተካነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል፣ በክላምፕ ታስሯል። ሽብሽቡ የቀረው መላጊያው ጋ ብቻ ነው፣ አጠር ተደርጎ። ፉጨቱ ለቀቀ።

ጋሼ ግን ሙሉ በሙሉ አልተደሰቱም። «መላጊያውን ትንሽ ላዞረው ብል አልችልማ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው ሽብሽብ ቱቦ የሚገዛው እንዲታጠፍለት ነው። እንዲታጠፍ ያደረገው እጥፋቱ ነው፤ ያስጮኸውም እጥፋቱ ነው። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማስወገድ ቀላል ቢሆን ኖሮ ኖርዌዮቹም ጋዛቸውን አይገድቡም ነበር። በእርግጥ ውጪው ሽብሽብ፣ ውስጡ ግን በስስ ልሙጥ ንጣፍ የተሸፈነ ቱቦ አለ። ይወደዳል፣ እንደሌላው እንደልብም አይታጠፍም። ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ሻጩ «ቱቦ ቱቦ ነው» ነው የሚላችሁ። አትከራከሩት። ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ዳብሱት፤ ጣታችሁ ከተንገጫገጨ የሚጮኸውን ነው የያዛችሁት።

ጋሼ ያንን አልገዙም። የራሳቸውን ዘዴ አገኙ። ሽብሽቡን መልሰው ትንሽ አስረዘሙትና ተማሪው ልጅ እንዳያጸዳው ከለከሉ። «ይሙላ ተወው፤ ሲሞላ ዝም ይላል» ይላሉ። እኔ አልተስማማሁም። ደረቅ ሰጋቱራ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ነው የሚጠብቀው፤ መሰንጠቂያው ደግሞ ከሚስማር ጋር በተገናኘ ቁጥር ፍንጣሪ ያወጣል። ይህን ስላቸው «እሱን መጀመሪያ ለጎረቤቶቼ አስረዳልኝ» ይሉኛል። እስካሁን እየተከራከርን ነው።